ዊልሄልም ማይባክ

ዊልሄልም ማይባክ (የካቲት 3 ቀን 1838 – ታኅሣሥ 20 ቀን 1922 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ9 ፌብሩዋሪ 1846 እስከ 29 ዲሴምበር 1929) ጀርመናዊ የሞተርና የአውቶሞቢል መሐንዲስ ነበር። ከጎትሊብ ዳይምለር ጋር ቀላልና ፈጣን የቤንዚን ሞተር ሠርቷል። ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለአውቶሞቢል ያበቃውና የመጀመሪያውን የመርሴዲስ መኪና የነደፈውም እሱ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ እስኪስፋፋ ድረስ የዓለም የቤንዚን መኪኖች በሙሉ ማለት ይቻላል ማይባክ በተጠቀመበት መርህ ይሠሩ ነበር። በባሕር ዳር ጎዳናዎች የሚመላለሱ ብዙ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም በዚሁ መርህ ይሠራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ማይባክ የተወለደው በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ሃይልብሮን ከተማ ነው። አባቱ አናጺ ሲሆን አምስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ቤተሰቡ ወደ ሽቱትጋርት ከተዛወረ በኋላ እናቱ ሞተች። ብዙም ሳይቆይ አባቱም በመሞቱ ዊልሄልም በ10 ዓመቱ ያለ ወላጅ ቀረ። ያሳደገው በሮይትሊንገን ከተማ በሃይማኖት መምህሩ ጉስታቭ ቨርነር የተቋቋመው የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነበር። ማሳደጊያው የራሱ የማሽን ፋብሪካ ስለነበረው ልጆቹ እዚያው ሙያ ይማሩ ነበር። ማይባክ ሥዕልና ሒሳብ የሚወድ ልጅ ስለነበር በ15 ዓመቱ በፋብሪካው የንድፍ ክፍል ሥልጠና ጀመረ።

ጎትሊብ ዳይምለር በ1860ዎቹ የዚህ ፋብሪካ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ዳይምለር ከማይባክ 12 ዓመት ይበልጥ ነበር። የወጣቱን ችሎታ አይቶ ረዳቱ አደረገው። የሁለቱ የሥራ ባልደረባነት ዳይምለር እስከሞተበት እስከ 1900 ድረስ ዘለቀ። ዳይምለር በ1869 ወደ ካርልስሩኸ የማሽን ፋብሪካ ሲዛወር ማይባክ ተከተለው። ዳይምለር በ1872 በኮሎኝ አጠገብ የሚገኘው የዶይትስ ሞተር ፋብሪካ የቴክኒክ ዳይሬክተር በሆነ ጊዜም ማይባክ አብሮት ሄዶ የንድፍ ክፍሉን መራ። የፋብሪካው መሥራች ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ለገበያ እንዲበቃ ካሻሻሉት ሰዎች አንዱ ማይባክ ነው።

በካንሽታት የነበረው አውደ ጥናት

ዳይምለር ከዶይትስ ባለቤቶች ጋር ባለመስማማቱ በ1882 ሥራውን ለቆ በሽቱትጋርት አጠገብ ወደምትገኘው ካንሽታት ሄደ፤ ማይባክም ተከተለው። የሥራ ቦታቸው በዳይምለር ግቢ ውስጥ ያለ የአትክልት ማብቀያ የመስታወት ቤት ነበር። ሥራቸውን በምስጢር ይይዙ ስለነበር የግቢው አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩ መስሎት ለፖሊስ እንዳመለከተ፣ ፖሊስም ገብቶ ሲፈትሽ ከሞተር በቀር ምንም እንዳላገኘ ይነገራል።

የኦቶ ሞተር ከባድና በአንድ ቦታ የሚተከል ሲሆን በደቂቃ ከ200 ዙር በታች ይዞር ነበር። ሁለቱ ሰዎች የፈለጉት በሠረገላ ላይ ሊጫን የሚችል ትንሽና ፈጣን ሞተር ነው። በ1883 የሠሩት ሞተር በጋለ ቱቦ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ነበር። በ1885 ደግሞ በቁመናው የተነሣ የቁም ሰዓት የሚመስል፣ በደቂቃ 600 ዙር የሚዞር ሞተር አወጡ። በዚሁ ዓመት ሞተሩን በሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ ጫኑት፤ ይህም የሞተር ብስክሌት መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1886 ሞተሩን በሠረገላ ላይ ገጠሙት። በዚያው ዓመት ኔካር በተባለው ወንዝ ላይ በሞተር የምትሄድ ጀልባ ሞከሩ። በጣና ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት የሚያመላልሱ የቤንዚን ሞተር ጀልባዎች የዚያች ጀልባ ዝርያዎች ናቸው ሊባል ይችላል።

ማይባክ በ1889 ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት መኪና ነድፎ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለእይታ ቀረበ። መኪናው ሞተር የተጫነበት ሠረገላ ሳይሆን ከመጀመሪያው መኪና እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነበር።

የነዳጅና የአየር ድብልቅ ችግር

ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይፈነዳም። በሲሊንደር ውስጥ በደንብ እንዲቃጠል መትነንና ከተመጠነ አየር ጋር መቀላቀል አለበት። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከበዛ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ይደናቀፋል፣ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በከባድ ጭነት ጊዜ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ የነበረው መሣሪያ አየርን በቤንዚን ገጽ ላይ በማሳለፍ ተን እንዲይዝ የሚያደርግ ነበር። ይህ ዘዴ ለዝግተኛ ሞተር ይበቃ ይሆናል እንጂ ጉድለቱ ብዙ ነው። ከቤንዚኑ በመጀመሪያ ቀላሉ ክፍል ስለሚተን ከባዱ ይቀራል፤ መኪናው በኮረኮንች ሲናጥና ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁም የድብልቁ መጠን ይለዋወጣል። ፈጣን ሞተር በዚህ መንገድ አስተማማኝ ኃይል ሊሰጥ አይችልም ነበር።

ሆቴል ሄርማንና መርጫው ካርቡሬተር

ዳይምለርና ባለ ገንዘቦች በ1890 የዳይምለር ሞተር ኩባንያን አቋቋሙ። አዲሶቹ ባለ አክሲዮኖች ለማይባክ ያቀረቡት ውል የማይቀበለው ስለነበር በ1891 መጀመሪያ ለቆ ወጣ። ዳይምለርም ከባለ አክሲዮኖቹ ጋር ተጣልቶ ስለነበር በራሱ ገንዘብ ማይባክን ደገፈው። ማይባክ ከ1892 ጀምሮ በካንሽታት በሚገኘው በቀድሞው ሆቴል ሄርማን አዳራሽ ውስጥ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሥራውን ቀጠለ። ኩባንያ ያልፈለገው ሰው በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ዋነኛውን የሠራው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1893 ያስመዘገበው መርጫ ካርቡሬተር አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ወደ አንዲት ትንሽ ገንዳ ይገባል። በገንዳዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ስለዚህ የቤንዚኑ ከፍታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናል። ከገንዳዋ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ጫፉ ጄት በሚባል ጠባብ ቀዳዳ ያበቃል፤ ይህ ቀዳዳ የሚገኘው አየር በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። አየሩ በጠባቡ ቦታ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ በገንዳዋ ላይ ያለው የውጭ አየር ግፊትም ቤንዚኑን በቀዳዳው በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ቤንዚኑ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ከአየሩ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ብዙ ቤንዚን ይወጣል፤ ጥቂት ሲስብ ጥቂት ይወጣል። መሣሪያው ማንም ሳያዝዘው ራሱን ይመጥናል ማለት ነው።

በዚህ ፈጠራ ቀዳሚነት ላይ ክርክር አለ። ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ በ1893 መጀመሪያ፣ ከማይባክ ጥቂት ወራት ቀድመው፣ ተመሳሳይ መርጫ ካርቡሬተር አስመዝግበዋል። የእነሱ ሞተር በአብዛኛው በአንድ ቦታ ለሚተከል ሥራ ነበር። የማይባክ ካርቡሬተር ግን ፎኒክስ ከተባለው አዲሱ የዳይምለር ሞተር ጋር ሆኖ በመኪኖች ላይ ተሠራጨ።

እንግሊዛዊው ነጋዴ ፍሬድሪክ ሲምስና ባልደረቦቹ በ1895 የዳይምለርን ሞተር የመሥራት መብት ለመግዛት 350,000 ማርክ ሲያቀርቡ ዳይምለር ወደ ኩባንያው እንዲመለስ ቅድመ ሁኔታ አደረጉ። ዳይምለር ሲመለስ ማይባክም የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኖ ተመለሰ።

የመጀመሪያው መርሴዲስ

በፈረንሳይ ኒስ ከተማ ይኖር የነበረው ነጋዴ ኤሚል የሊኔክ የዳይምለር መኪኖችን ለሀብታሞች ይሸጥ፣ በውድድርም ያሳትፍ ነበር። በማርች 1900 በኒስ አጠገብ በተደረገ የዳገት ውድድር ላይ አሽከርካሪው ዊልሄልም ባወር በፎኒክስ መኪና ተጋጭቶ ሞተ። መኪናው ከባድና ከመሬት ከፍ ያለ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ዳይምለር ሞቶ ነበር። የሊኔክ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ቀላልና ኃይለኛ መኪና ከተሠራለት 36 መኪኖች እንደሚገዛ ለኩባንያው አሳወቀ፤ መኪናውም በልጁ በመርሴዲስ ስም እንዲጠራ ጠየቀ።

ማይባክ የነደፈው መርሴዲስ 35 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ 5.9 ሊትር ያህል መጠን ነበረው። ለእያንዳንዱ ጥንድ ሲሊንደር አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት መርጫ ካርቡሬተሮች ተገጠሙለት። የአየር መግቢያ ቫልቮቹ በሞተሩ መሳብ ብቻ የሚከፈቱ መሆናቸው ቀርቶ በሜካኒካል መንገድ እንዲከፈቱ ተደረገ። በዚህም ምክንያት አሽከርካሪው ሞተሩን በደቂቃ ከ300 እስከ 1,000 ዙር ባለው ክልል እንደፈለገ ማዘዝ ቻለ። ውኃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተርም ከ8,000 በላይ ጥቃቅን ቱቦዎች ያሉት የማር እንጀራ የሚመስል ነበር።

በማርች 1901 በኒስ በተካሄደው የውድድር ሳምንት አዲሱ መርሴዲስ ተፎካካሪዎቹን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ለውድድር የበቃው መኪና ለመንገድም ይሸጥ ስለነበር ዛሬ ኃይለኛ የመንገድ መኪና ለሚባለው ዓይነት አብነት ሆነ። ፈረንሳውያን ማይባክን የነዳፊዎች ንጉሥ ብለው ይጠሩት ጀመር።

ከኩባንያው መውጣት

ዳይምለር ከሞተ በኋላ ማይባክን የሚደግፈው ሰው በኩባንያው ውስጥ አልቀረም። የሚሠራቸው መኪኖች እየተወደሱ ሳለ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ተነጠቀ፤ አንድ ቢሮ ብቻ ተሰጥቶት ከዋናው ሥራ ተገለለ። በ1907 ኩባንያውን ለቆ ወጣ። ወቅቱ በኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባበት ከ1900 ዓ.ም. ጋር ይቀራረባል።

ማይባክ በ1909 ከካውንት ፈርዲናንድ ዜፔሊን ጋር ተስማምቶ የአየር መርከብ ሞተር የሚሠራ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የኩባንያውም መሪ ልጁ ካርል ማይባክ ሆነ። ኩባንያው በኋላ ወደ ፍሪድሪክስሃፈን ተዛወረ። ካርል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነደፈው የአውሮፕላን ሞተር ቀጭን አየር ባለበት ከፍታ ኃይሉ እንዳይደክም ሲሊንደሮቹ ሰፋ፣ የመጭመቅ ኃይሉም ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነበር። በዚህ የተነሣ በመሬት አካባቢ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት አይፈቀድም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው በ1921 ማይባክ የተባለውን የቅንጦት መኪና ለእይታ አቀረበ።

ካርቡሬተርን ማስተካከል

ማይባክ የተጠቀመበት መርህ ቢዋጣለትም አንድ ጄት ብቻ ለሁሉም ፍጥነት ትክክለኛ ድብልቅ አይሰጥም። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የመጡ ሠሪዎች ለዝቅተኛ ዙር የተለየ መስመር፣ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ቤንዚን የሚጨምር ፓምፕ፣ ለብርድ ጊዜ የአየር መዝጊያ ጨመሩ። ማስተካከል የሚባለውም እነዚህን ክፍሎች እርስ በርስ ማስማማት ነው።

ሥራው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የካንዴላ፣ የማቀጣጠያ ጊዜና የቫልቭ ክፍተት መታየት አለባቸው፤ የእነዚህ ጉድለት የካርቡሬተር ጉድለት መስሎ ይታያልና። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለም ማንኛውም ማስተካከያ ከንቱ ይሆናል። ቀጥሎ በገንዳው ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ በተንሳፋፊው ይስተካከላል፤ ከፍታው ሲዛባ በሁሉም ፍጥነት ላይ ያለው ድብልቅ አብሮ ይዛባል። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የዝቅተኛ ዙር ብሎን ሞተሩ ለስላሳ እስኪዞር ድረስ ቀስ እየተባለ ይዞራል። በመጨረሻ ዋናው ጄት በመንገድ ላይ ይፈተናል። በከባድ ጭነት ከተነዳ በኋላ የሚወጣ ካንዴላ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ መሆን ደግሞ ማነሱንና ሞተሩ አደጋ ላይ መሆኑን ያመለክታል።

እንደ መርሴዲስ 35 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካርቡሬተር ባለው ኃይለኛ መኪና ላይ ተጨማሪ ሥራ አለ። ሁሉም ካርቡሬተሮች እኩል አየር መሳብ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከተከፈተ አንዳንዶቹ ሲሊንደሮች ሲለፉ ሌሎቹ ይለግማሉ፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል።

የከፍታ ጉዳይ፦ ባሕር ዳርና ጣና ዳር

ካርቡሬተር የሚለካው የአየርን ፍጥነት እንጂ ክብደቱን አይደለም። ይህ የማይባክ መሣሪያ ዋና ድክመት በከፍታ ቦታ በግልጽ ይታያል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል 16 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ቅነሳው የሚከተለው የእፍጋቱን ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ 14.7 ለ1 ሆኖ የተስተካከለ ድብልቅ በጣና ዳር ወደ 13.5 ለ1 ይወርዳል፤ ማለትም ቤንዚኑ 9 በመቶ ያህል ይበዛል። መፍትሔው ጄቱን አነስ ባለ መተካት ነው።

ትልቅ ጄት ኃይል ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ በዚህ አካባቢ ተቃራኒ ውጤት አለው። በከፍታ የጎደለው አየር ነው፤ ቤንዚን በመጨመር አይተካም። ጄት መቀየር ብክነትንና ጥላሸትን ያስቀራል እንጂ ከአየሩ ጋር የጠፋውን ኃይል አይመልስም። ለዚያ አየርን ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አለዚያም እንደ ካርል ማይባክ የአውሮፕላን ሞተር ከመነሻው ለከፍታ የታሰበ ንድፍ።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መኪናው ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ደጋ ይወጣል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን መልሶ ይወጣል። በአንድ ጉዞ ውስጥ ለአንዱ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ለሌላው ይዛባል። ለደጋው ብቻ ተብሎ በጣም ቤንዚን የተቀነሰለት ሞተር በበረሃው ሙቀት ዳገት ሲወጣ ሊጎዳ ስለሚችል ጄት የሚመረጠው መኪናው የሚሄድበትን ዝቅተኛ ቦታ ታሳቢ በማድረግ ነው።

በ1963 በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን በቴክኒክ ሙያ ረዥም ታሪክ አለው። በከተማው ጋራዦች ባጃጅ የሚጠግን ወጣት ብሎን ሲያዞር የሚያስማማቸው ነገሮች ማይባክ በሆቴል ሄርማን ከታገላቸው የተለዩ አይደሉም፤ እነሱም የቤንዚን ከፍታ፣ የቀዳዳ ስፋትና የአየር ፍጥነት ናቸው።

ሞትና ቅርስ

ማይባክ በ1916 ከሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። በኦገስት 1929 ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የአየር መርከብ አምስት የማይባክ ሞተሮችን ይዞ ዓለምን ዞረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማይባክ በ83 ዓመቱ በሽቱትጋርት አረፈ። የተቀበረው በካንሽታት፣ ዳይምለር ባረፈበት የመቃብር ስፍራ ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጭስ ብክለት ሕጎች እየጠበቁ በመምጣታቸው ካርቡሬተር ከአዳዲስ መኪኖች ላይ ቀርቶ በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መርጫ ተተክቷል። አዲሱ መሣሪያ የአየሩን መጠን በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ስለሚመጥን የከፍታውን ችግር በራሱ ይፈታል። ሆኖም በአሮጌ መኪኖች፣ በሞተር ብስክሌቶች፣ በባጃጆች፣ በውኃ መሳቢያና በጀልባ ሞተሮች ላይ ካርቡሬተር አሁንም በሥራ ላይ ነው። የማይባክ ስም ዛሬ የሚታወቀው በአብዛኛው በቅንጦት መኪና መለያነቱ ነው።